የእትዬ አስካለ ጣትና የጋሽ ታምራት መሐላ

መምህር ታምራት አርፈዋል። በደብረ ዘይት ማግስት ጠዋት፣ ሐረር አቦከር ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው፣ ከአጭር ሕመም በኋላ ነው ያረፉት። ለቀስተኞቹ «ማንንም ሳያስቸግሩ ሄዱ» ይሉ ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ጋሽ ታምራት ሰው የሚያስቸግሩ ሰው ነበሩ። አንዲት ድምፅ እስክትስተካከል ድረስ የሰውን ምሳ፣ የሰውን ዕረፍት፣ የሰውን ትዕግሥት ይበሉ ነበር። የምንወዳቸውም ለዚሁ ነው።

በየሀገሩ የተበተናችሁ ተማሪዎቻቸው፣ የቀድሞ የባንድ ጓደኞቻቸው፣ ጎረቤቶቻቸውም፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። በቀብራቸው ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ተነቧል፤ ትውልዳቸው፣ ትምህርታቸው፣ ሥራቸው ሁሉ በአንድ ገጽ ተጠቅልሎ። በዚያ ገጽ ላይ «በኮምፒውተርም የሙዚቃ ሥራ ይሞክሩ ነበር» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ያቺ መስመር አንጀቴን አሳረረችው። ይሞክሩ ነበር! የእኅታቸው የበገና እጅ ለትውልድ ይቅር ወይስ ይጥፋ የሚለው ነገር በዚያ «ሙከራ» ላይ ተንጠልጥሎ እንደነበር ጽሑፉን ያዘጋጁት ሰዎች አያውቁም። እኔ እዚያው ነበርኩና አውቃለሁ።

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ ታምራት የሐረር ልጅ ናቸው፤ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ ከከተሙት ወገን። በወጣትነታቸው ከጦር ሠራዊቱ የሙዚቃ ክፍል ገብተው አኮርዲዮንና ፒያኖ ተጫወቱ። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ፤ እሳቸውም የሰልፍ ልብሳቸውን አውልቀው ወደ እናት አባታቸው ቤት ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ገብተው ሙዚቃ አስተማሩ። እኔ ተማሪያቸው የሆንኩት ያኔ ነው።

ክፍላችን ውስጥ አንድ አሮጌ ኪቦርድ ነበር፤ ከሥሩ ፔዳል ተሰክቶበታል። ፔዳሉን ከረገጡት ጣት ከቁልፉ ላይ ቢነሣም ድምፁ ይቀጥላል፤ ሲለቁት ይቆማል። እኛ አንዴ ከረገጥን አናነሣም ነበር፤ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲከመር ያማረ ይመስለናል። ጋሽ ታምራት ከኋላችን ይመጡና «እግርሽን አንሺ!» ይላሉ። «ያለፈውን ካልለቀቅሽው የሚመጣው በየት በኩል ይግባ?» ይህን ያልተባለ ተማሪ የላቸውም። እኔ አሁን ለራሴ ተማሪዎች እላለሁ፤ ስለው ድምፄ ሁሉ የእሳቸውን ይመስላል።

ሲያስተምሩ ቁጡ ነበሩ። ደግነታቸው በአፋቸው አልነበረም። ሶፊ ገጠር ውስጥ የሚኖር አንድ የቀድሞ የባንድ ጓደኛ ነበራቸው፤ ግራ እጁን በጦርነት ያጣ። አንድ ቅዳሜ ኪቦርድ ተሸክመን ሄድንለት። ሰውየው ኪቦርዱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ።

«በአንድ እጅ ምን ልጫወት ነው? ልትሳለቅብኝ መጣህ?»

ጋሽ ታምራት ኮምፒውተራቸውን ከፈቱ። ቤታቸው ሆነው አንድ ትእዛዝ ጽፈውበት ነበር፤ ፔዳሉ ሲረገጥ ወፍራሞቹን ድምፆች ብቻ ይዞ እንዲያቆይ፣ ቀጫጭኖቹን ግን ነጻ እንዲተው። ስክሪፕት የሚሉት ነገር ይኸው ነው፤ ቁልፍ ሲነካ፣ ፔዳል ሲረገጥ፣ አንድ ድምፅ ሲደገም ኮምፒውተሩ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ጽፎ ማዘዝ። ሰውየው እያመነታ በቀኝ እጁ ወፍራሙን መታ፣ ረገጠ፣ ከዚያ እጁን አሻግሮ ዜማውን ጀመረ። ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ሁለት እጅ ያለው ነው።

«ከእንግዲህ ግራ እጅህ እግርህ ነው» አሉት። ሰውየው ሲያለቅስ እኔ ወደ ጫት ማሳው ዞርኩ። እሳቸው ግን ሽቦው ዝናብ እንዳይነካው ሲያስረዱት ቆዩ።

አሁን ወደ እትዬ አስካለ ልምጣ። እትዬ አስካለ የጋሽ ታምራት ታላቅ እኅት ናቸው፤ በገና ደርዳሪ ናቸው። አባታቸው በገናውን ያስተማሩት እሳቸውን ነው። የሚደረድሩት በዐቢይ ጾም ብቻ ነበር፤ ጾሙ ሲፈታ በገናውን በነጠላ ሸፍነው ይሰቅሉታል፤ እስከ ከርሞ ማንም አይነካውም። ድምፃቸውን ማንም ቀድቶት አያውቅም፤ አይፈቅዱም። አንድ ጊዜ ሚኒባስ ውስጥ በኪቦርድ የተሠራ በገና ሰምተው «ይኼ ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ዝንብ ነው» ብለው መድረሻቸው ሳይደርሱ ወርደው በእግራቸው ሄደዋል።

ኋላ ሪህ ያዛቸው። ጣቶቻቸው ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ማለት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ቀኑን ሙሉ። በአንድ ጾም መዝሙር ጀምረው ከመካከሉ አቋረጡና በገናውን ቀስ ብለው ግድግዳው ላይ አስደገፉት። ጋሽ ታምራት ይህን አይተው ዝም ማለት አልቻሉም።

«እትዬ፣ ጣትዎ ጨርሶ ሳይከዳዎት አውታር በአውታር ልቅዳዎት። ነገ ሌላ ሰው በእርስዎ እጅ ይደረድራል።»

«በኔ እጅ? የኔ እጅ የኔ ነው።»

«ታዲያ አብሮዎት ይቀበር?»

እኔ ደነገጥኩ፤ ለታላቅ እኅት እንዲህ አይባልም። እትዬ አስካለ ግን አልተቆጡም። «እሺ» አሉ። «ግን ማል። እኔን ካልመሰለ ሁሉንም ታጠፋለህ፤ አንዲት አታስቀርም። ሰው በኔ ስም የውሸት በገና እንዲሰማ አልፈልግም።»

«የአባታችን አጥንት እሾህ ሆኖ ይውጋኝ» ብለው ማሉ። የዚህ ቤተሰብ መሐላ ቀልድ አይደለም። በዚህ ስም የማለ ሰው ከመሐላው የሚወጣበት በር የለውም፤ ጋሽ ታምራትም ይህን እያወቁ ነው የማሉት።

ቅጂው የተካሄደው በዚያው ጾም፣ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ከድር ፎቶ ቤት ውስጥ ነው። ከድር የእኔ እኩያ፣ ቀልደኛ፣ መልካም ሰው ነው፤ ከፎቶ ቤቱ ጀርባ ድምፅ የሚቀዳባት ጠባብ ክፍል አለችው። መጋላ ማለት ገበያ ነው፤ ፈረስ መጋላም መቼም ዝም አይልም፤ ታክሲው፣ ባጃጁ፣ ሻጩ ይጮኻል። ከምሳ በኋላ ግን ከተማው ጫት ሊቅም በርጫ ላይ ሲቀመጥ ለጥቂት ሰዓት ጸጥ ይላል። የምንቀዳው በዚያች ሰዓት ነበር።

«ወላሂ፣ በርጫዬን ለማንም ትቼ አላውቅም፤ ለእትዬ ስል ብቻ ነው» ይል ነበር ከድር፣ በሩን ከውስጥ እየቆለፈ።

እትዬ አስካለ አውታሩን አንዴ ይመታሉ፤ ጋሽ ታምራት እጃቸውን አንሥተው ሁላችንንም ያስቆማሉ። ዝዝታው እስኪጠፋ፣ ጨርሶ እስኪሞት እንጠብቃለን። ከዚያ እንደገና፤ በለስላሳው፣ በጠንካራው፣ በመካከለኛው። «ጸጥ ሳይል አይመታም» ነበር ትእዛዛቸው። በሠራዊት የሙዚቃ ባንድ ውስጥ ያደጉ ናቸው፤ እዚያ ድምፅ የሚጀምረው ከዝምታ ነው። ትልቁ ስሕተት የተሠራው እዚህ ላይ እንደሆነ ያን ጊዜ አንዳችንም አልገባንም። እንደውም ጥንቃቄያቸው አስደነቀን።

ቅጂው ካለቀ በኋላ ብዙም ሳይቆይ የእትዬ አስካለ ጣቶች ጨርሰው እምቢ አሉ። አውታር ስቦ መልቀቅ የማይቻል ሆነ። ስለዚህ የተቀዳው ተቀድቷል፤ ተመልሶ መቅዳት የለም።

ጋሽ ታምራት ድምፆቹን በኪቦርዱ ቁልፎች ላይ አሰማሯቸው። መጀመሪያ የገጠማቸው ችግር የተደገመ ድምፅ ነበር። አንድ አውታር ደጋግመን ስንመታ ኮምፒውተሩ ያችኑ አንድ ድምፅ እየመለሰ ያሰማል፤ ታታታታ ይላል።

«መትረየስ ነው!» አሉ ጋሽ ታምራት ራሳቸውን ይዘው።

«አቦ ጋሼ፣ ጦርነቱ አልቋል እኮ!» አለ ከድር። ሳቅን። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ ድምፁን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። ከዚያ ከአንዱ አውታር የተቀዱትን ብዙ ድምፆች በየተራ እንዲያወጣ አዘዙት። ይህም አልበቃም፤ ተራው ራሱ ለጆሮ እንደ ሰልፍ እርምጃ ታወቀ። ስለዚህ ያለ ተራ፣ እንደ ዕጣ እንዲያወጣ፣ ግን አሁን ያሰማውን ወዲያው እንዳይደግም አደረጉት። «ሰው አንድን ነገር ሁለት ጊዜ እኩል አይናገርም፤ እግዜር ይማርህ ሲል እንኳ» አሉኝ። መትረየሱ ቆመ፤ እኛም የጨረስን መሰለን።

እትዬ አስካለ ከጾም ውጭ በገና አይሰሙም፤ በኮምፒውተርም ቢሆን። ስለዚህ ጾም እስኪገባ ጠበቅን። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቤታቸው፣ ኪቦርዱን ዘርግተን እኔ ተቀመጥኩ። የበገና አውታር ተመትቶ ሲለቀቅ ወዲያው አይቆምም፤ ስለዚህ ፔዳሉን ረግጬ ያዝኩ። ከልቤ ተጫወትኩ። ስጨርስ ያማረ መስሎኝ ዞር አልኩ።

«ይኼ በገና አይደለም» አሉ እትዬ አስካለ። «መጋላ ነው።»

ከዚያ ወደ ወንድማቸው ዞሩ።

«ሁሉም ባንድ ላይ ያወራል፤ ማን ምን እንዳለ አይሰማም። ታምሬ፣ ቃልህን አልረሳኸውም?»

«አልረሳሁም እትዬ።»

«እስከ ሆሳዕና እሰማሃለሁ። በሕማማት ይኼን አልሰማም። ለከርሞ መኖሬን ደግሞ በምን አውቃለሁ? የውሸት እጅ ትቼ አልሞትም። እስከ ሆሳዕና ካልሆነ አጥፋው።»

ያንን ጾም እንዴት እንዳሳለፍነው የማውቀው እኔና ከድር ብቻ ነን። ጋሽ ታምራት ፔዳሉን አስለቀቁኝ፤ ድምፁ ደረቀ፤ ሲሰሙት እሳቸው ራሳቸው «የሞተ ነው» አሉ። መልሰን ረገጥን። ታዲያ አንድ አውታር እየጮኸ ሳለ እንደገና ሲመታ፣ የድሮው ድምፅ ከአዲሱ ሥር ይቀጥላል፤ በሦስተኛው ሌላ ይጨመራል፤ መጋላው ይሞቃል። በእውነተኛው በገና ላይ ግን አንድ አውታር አንድ ነው፤ ከራሱ ጋር አይደራረብም። ይህን አወቁ። ስለዚህ አውታሩ ሲደገም የድሮው እንዲቆረጥ አዘዙ፤ በመቀስ እንደተቆረጠ ክር ድንገት ተቋረጠ። ቀስ ብሎ እንዲከስም አዘዙ፤ መጋላው ተመለሰ። ከሁለቱ መካከል ሌላ ምን መንገድ አለ? እኔ አላየሁትም።

በየመካከሉ መብራት ይጠፋል፤ ያልተቀመጠው ሥራ አብሮ ይጠፋል። ጋሽ ታምራት እየከሱ ሄዱ። የጾም ምሳቸውን እኔ ከድር ሱቅ ድረስ አመጣላቸዋለሁ፤ እንደነበር ይመለሳል። ተማሪዎች በሰላምታ ሲያቆሟቸው አይሰሙም። በእኔም ላይ ጮኹብኝ፤ እኔም ጮኽኩባቸው፤ ሁለት ቀን ተኳርፈን በሦስተኛው ምንም እንዳልሆነ አብረን ተቀመጥን። ከንዴቴ የተነሣ አንድ ቀን እንዲህ አልኳቸው፦

«ታዲያ አንድ ቅጂ ደብቀው ቢያስቀምጡስ? ማን ያያል? የአንድ ሰው እጅ ነው እኮ፤ እንዴት ይጠፋል?»

መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «የማልኩት ለኮምፒውተር አይደለም» አሉ። በዚሁ ተዘጋ። እኔ እስከ ዛሬ በጠየቅሁት አላፍርም፤ እሳቸውም እንዳልተቀየሙኝ አውቃለሁ።

የሆሳዕና ሳምንት ገባ። በዓርቡ እትዬ አስካለ ለመታወቂያ ፎቶ ሊነሡ ከድር ሱቅ መጡ። ለማመሳከር ብለን በገናቸውን እዚያው አምጥተነው ነበር፤ ከወንበሩ አጠገብ ቆሟል። ጋሽ ታምራት ጥግ ላይ ኮምፒውተራቸው ላይ አቀርቅረዋል። እኅትና ወንድም ሰላም ከመባባል ሌላ አልተነጋገሩም፤ መሐላው በመካከላቸው እንደ ሦስተኛ ሰው ተቀምጧል። እትዬ አስካለ ለእኔ ስለ ውኃ ወረፋው ያወሩኛል፤ ቧንቧው ሳምንት ሙሉ አልመጣም፣ ጄሪካኑ ተሰልፏል፣ እገሊት ከፊት ገባች። ከድር የመብራቱን ማቆሚያ ተሸክሞ ሲያልፍ እግሩ በገናውን ነካው። አውታሮቹ ሁሉ ባንድ ላይ ጮኹ።

«አፉ በሉኝ እትዬ!» አለ ከድር ደንግጦ።

እትዬ አስካለ ወሬያቸውን እንኳ አላቋረጡም። «...እኔም አልኳት፣ አንቺ ልጅ፣ ሁላችንም ውኃ እንጠጣለን» እያሉ ያንን የተጣመመ ግራ እጃቸውን ዘርግተው አውታሮቹ ላይ አሳረፉት። በገናው እንደ ትንሽ ሳል ያለች ድምፅ አሰማና ዝም አለ።

ጋሽ ታምራት ብድግ አሉ። ወንበራቸው ወደ ኋላ ወደቀ።

«እትዬ፣ አሁን ያደረጉትን ይድገሙት።»

«ምን አደረግኩ?»

«ዝም አሰኙት።»

«ታዲያ ሲጮኽ ዝም አይሰኝ? ምን አዲስ ነገር አለው?»

ጋሽ ታምራት መጥተው ከፊታቸው በርከክ አሉ። ሲያስረዱ ቃላቸው እየተደናቀፈ፣ እኔንም ከድርንም እየጠሩ ነው። የሚጮኽ አውታር ሲደገም ጣት መጀመሪያ መጥታ ታርፍበታለች፤ በዚያች ቅጽበት የድሮው ድምፅ ይሰበራል፤ ከዚያ ነው የሚመታው። ይህቺን ሳል የምትመስል ድምፅ ነው ያጣናት። አልቀዳናትም። እንዴት እንቅዳት? እኛ እኮ ሁልጊዜ አውታሩ ጨርሶ እስኪሞት ጠብቀን ነበር የምናስመታቸው። ጣት ወደ ሕያው አውታር ስትመለስ የሚሆነውን ማይኩ አንድም ጊዜ አልሰማም።

«ጣቴ እኮ ከእንግዲህ አይመታም፤ ታውቃለህ» አሉ እትዬ አስካለ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። ይህን በአፋቸው ሲሉት የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«መምታቱን ይተዉት፤ እሷ ትመታለች» አሉ ወደ እኔ እየጠቆሙ። «የእርስዎ ጣት ማረፉን ብቻ ይስጡኝ።»

እትዬ አስካለ እጃቸውን አዩት። የዞረውን መገጣጠሚያ፣ ያበጠውን ጣት። ከዚያ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለሱና «በሩን ዝጋው ከድር» አሉ።

የበርጫ ሰዓት ደርሶ አደባባዩ ጸጥ ብሎ ነበር። እኔ አውታሩን እመታለሁ፤ እሳቸው ጣታቸውን አምጥተው ያሳርፋሉ። ወዲያው፣ ቆይተው፣ ሊሞት ሲል። «አንቺ ደግሞ በሬ እንደሚነዳ ሰው አትምቺው» እያሉ ይገሥጹኛል። ቀዝቃዛ ላብ በግንባራቸው ወርዶ ነበር፤ ሪህ ያለበትን ጣት ደጋግሞ መጫን ምን እንደሆነ የያዘው ሰው ያውቃል። ጋሽ ታምራት «ይበቃል እትዬ፣ ይረፉ» ሲሏቸው «የመጨረሻዋ አውታር ቀርታ?» አሉ። አልተነሡም። ከድር ፎቶውን ሳያነሣቸው ነው ወደ ቤታቸው የሄዱት።

ጋሽ ታምራት ያንኑ ቀን ስክሪፕቱን አፍርሰው ጻፉት። እየጮኸ ያለ አውታር ሲደገም መጀመሪያ የእትዬ አስካለ ጣት ትመጣለች፤ ያ አውታር ብቻ ዝም ይላል፤ ሌሎቹን ፔዳሉ ይዞ ያቆያቸዋል፤ ከዚያ አዲሱ ይመታል። የድሮው ድምፅ ገና ትኩስ ከሆነ ጣቷ ጎላ ብላ ትሰማለች፤ ሊጠፋ የቀረበ ከሆነ ከነመምጣቷም አትታወቅም። ይህን ሲያስረዱኝ ደስታ አልነበረባቸውም። ፍርሃት ብቻ ነበረባቸው፤ ከዚህ በኋላ የሚሞክሩት ሌላ ነገር የለማ።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አቦከር ጋሽ ታምራት ቤት ተሰበሰብን። ኪቦርዱን ዘርግተን ልንጀምር ስንል መብራት ጠፋ። ጠበቅን። አልመጣም። እትዬ አስካለ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄጃቸው ደረሰና ነጠላቸውን አጣፍተው ለበሱ። ጋሽ ታምራት ግድግዳውን ብቻ ያያሉ።

«አቦ፣ አንድ አሥር ደቂቃ ስጡኝ!» ብሎ ከድር ወጣ። አሥር አይደለም፣ ከዚያ እጅግ ቆየ። እትዬ አስካለ በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁ፤ አልተቀመጡም። በመጨረሻ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመች፤ ከድር የሱቁን ጄኔሬተር ጭኖ መጥቷል። ጩኸቱ እንዳይረብሽ ከጎረቤት አጥር ጀርባ አስቀመጠውና ገመዱን በመስኮት አስገባ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን እንደለበሱ ተቀመጡ።

ጋሽ ታምራት ኮምፒውተሩን ከፊታቸው አደረጉ። ድምፆቹ ሁሉ ያሉበትን ፋይል መረጡና ጣታቸውን የማጥፊያው ቁልፍ ላይ አኖሩ። «ቃሌ ይኸው» አሉ። ቀልድ አልነበረም። እኔ ያን ጣት እያየሁ ነው መጫወት የነበረብኝ።

ፔዳሉን ረገጥኩና ጀመርኩ። አባታቸው ያስተማሯቸውን መዝሙር ነበር፤ አንዱ አውታር ተደጋግሞ የሚመታበትን። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። የመጀመሪያውን ቤት ጨረስኩ፤ ምንም የለም። ሁለተኛውን ጀመርኩ። ያኔ ነው ነጠላቸው ሥር ጉልበታቸው ላይ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ያየሁት። ግራ እጃቸው ነበር። አውታሩ በተደገመ ቁጥር የተጣመመችው ጣታቸው ጉልበታቸውን ጫን ታደርጋለች፤ ከስፒከሩ የምትወጣውም ጣት በዚያችው ቅጽበት ታርፋለች። እጄ እንዳይስት ዓይኔን ወደ ቁልፎቹ መለስኩ። እንባዬ ቁልፎቹን አጠፋብኝና የቀረውን በልምድ ጨረስኩ።

ከአጥር ጀርባ ጄኔሬተሩ ብቻ ይሰማል። ጋሽ ታምራት ጣታቸውን አላነቃነቁም።

«አባባ ሦስተኛዋን ጣት እንዲህ ነበር የሚያሳርፋት» አሉ እትዬ አስካለ።

ጋሽ ታምራት አላመኑም። «ላጥፋው እትዬ?» አሉ።

«እጅህን ከዚያ ላይ አንሣ» አሏቸው፤ ተነሥተውም ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ጋሽ ታምራት በዚያ ዕድሜያቸው ሲያለቅሱ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከድር «አልሐምዱሊላህ» እያለ ጄኔሬተሩን ሊያጠፋ ወጣ።

ያንን በገና ብዙዎቻችሁ ከእሳቸው ወስዳችኋል። በየጾሙ የምትደረድሩበት፣ በየመዝሙሩ ያስገባችሁት እሱ ነው። አንድ አውታር ስትደግሙ የምትሰሟት ያቺ ትንሽ ሳል ከወዴት እንደመጣች አሁን እወቁ። ጩኸት መስሏችሁ የምታጠፏት ካላችሁ፣ እባካችሁ አታጥፏት።

ጋሽ ታምራት፣ ከእንግዲህ የማወራው ለእርስዎ ነው። ከቀብርዎ በኋላ ለቀስተኛው ሲሳሳ እትዬ አስካለ ጠሩኝና «ጾም ነው፤ ታምሬን አሰሚኝ» አሉኝ። ኪቦርድዎን ከፈትኩ። ያንኑ መዝሙር ተጫወትኩ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን እግሬን ከፔዳሉ ማንሣት አቃተኝ። ካነሣሁት የሚያልቅ መሰለኝ። ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ፤ እኔ ረግጬ ያዝኩ። ቢያዩኝ እንደሚጮኹብኝ አውቃለሁ።

እትዬ አስካለ ጠበቁኝ። ከዚያ ያቺ የተጣመመች ጣታቸው መጥታ እጄ ላይ አረፈች፤ ልክ አውታሩ ላይ እንደምታርፈው።

እግሬን አነሣሁ፣ ጋሽ ታምራት። ደኅና ይሁኑ።